ለቁራ ልጅ አንሰጥም

እዚህ አገር ሰውን የሚጠሩት ከጭራው ነው። እኛ ጋ ሰው የሚጠራው ከፊቱ ነው፤ አበበ ከሆነ አበበ ነው፣ አለቀ። ሜልበርን ግን ክሊኒክ ገብታችሁ ስትቀመጡ፣ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ወረቀቷን ታገላብጥና የመጨረሻውን ስም ይዛ ብቅ ትላለች። እኔን «ሚስስ ወልደሰንበት» ትለኛለች።

ወልደሰንበት ማን ናቸው? የባሌ አያት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ባሌ ታደለ ከስደት ስንመጣ ስሙን ሲያስመዘግብ የአያቱን ስም መጨረሻ ላይ አስጻፈ፤ ያ የቤተሰቡ ስም ተባለ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የሟች ሽማግሌ ሚስት ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስጠራ አልነሣም ነበር። ለቅሷቸው ላይ እንኳን ያልነበርኩ ሴት ምን ብዬ ልነሣ? በኋላ ግን ልጄ በትኩሳት እቅፌ ላይ እየነደደች ተራዬ ሲያልፈኝ ነገሩ ገባኝ። አሁን «ሚስስ ወልደሰንበት» ሲሉኝ አቤት እላለሁ። ለካ የሞተም ያገባል።

የኛ ስም መቼም ዕድሜ የለውም። አባት ሲሞት ስሙ በልጁ ላይ ትንሽ ይሰነብታል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ይረሳል። ደግ ሰውም ብትሆኑ ሁለት ትውልድ፣ ክፉም ብትሆኑ ሁለት ትውልድ። ፍርዱ እኩል ነው። ፈረንጅ ግን አንዴ ስም ከወጣለት እስከ ልጅ ልጅ ልጁ አይለቀውም። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የተማርኩት ከቁራ ነው።

ቁራ ስላችሁ ወፉን ማለቴ አይደለም። ሰው ነው። ቆዩ፣ ከሥሩ ላምጣው።

ሰናይት የባሌ ታናሽ እህት ናት። ኬንሲንግተን ያለው ፍላታችን ውስጥ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች። ብስኩት ፋብሪካ የጠዋት ሺፍት ስለምትሠራ ልብሷ ታጥቦም ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። እዚያ ፋብሪካ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ የሚነዳ አንድ ረጅም፣ ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ልጅ አለ። ስሙ ፓቬል ነው። ወገኖቹ ቼክ ይባላሉ። አባቱ አገራቸው የባዕድ ታንክ ሲገባባት ጨቅላ ልጃቸውን ታቅፈው የወጡ ሰው ናቸው። ፈረንጅም ይሰደዳል ለካ ብዬ የተገረምኩት ያን ጊዜ ነው።

ልጁ ሰናይትን ወደዳት። እሷም ወደደችው። ነገሩ በሥርዓት ይሁን አለችና ለጋሼ ዘሪሁን ልትነግራቸው ቆረጠች።

ጋሼ ዘሪሁን የባሌ አጎት ናቸው፤ የአባቱ ወንድም። ስፖንሰር ሆነው ከሱዳን ያወጡን እሳቸው ስለሆኑ እኛ ቤት እሳቸው ያሉት ነው የሚሆነው። ባሌ ጢም ለማሳደግ እንኳን ያስፈቅዳቸዋል። አገር ቤት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዘር መቁጠር ይወዳሉ። «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ እጅ አይጨብጡም። ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ እኔን ዘሪሁን ያለኝ በከንቱ አይደለም ይላሉ። የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ናቸው። ይህን ያልሰማ ሜልበርን ውስጥ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው።

ደግሞ እዚህ አገር ፊታውራሪ የሌለው ሐበሻ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰርግ አዳራሽ ጥግ ይዛችሁ ጆሯችሁን ስጡ። አንዱ የደጃዝማች ነው፣ አንዷ የቀኛዝማች። ታክሲ የሚነዳውም፣ ሆቴል ሳህን የሚያጥበውም። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ዝም የምትል ሴት ፊት ሰው ብዙ ያወራል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ያ ሁሉ ሰው ፊታውራሪ ከነበረ ማን ያርስ ነበር? አባቴ ገበሬ ነበር ሲል የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ ሰይድ። እሳቸውም ሲናገሩ ሰው ቀልድ እየመሰለው ይስቃል።

ወደ ሰናይት ልመለስ። አንድ እሑድ ጋሼ ዘሪሁን እኛ ቤት ሻይ ሲጠጡ ነገረቻቸው። ፈረንጅ ነው እንዳይሉ የገዛ ልጃቸው ግሪክ አግብቷል። ሃይማኖቱ እንዳይሉ ልጁ እጠመቃለሁ ብሏል። ሥራ ፈት ነው እንዳይሉ ይሠራል። መከልከያ እየፈለጉ ማጣታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ወደለመዱት ተመለሱና የማን ልጅ ነው አሉ። የአቶ ቭራና አለች። ምን ማለት ነው አሉ።

እዚህ ላይ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት? ፍቅር ግን አፍ ያስከፍታል። የወደዱት ሰው ስሙም ጫማውም ያምራል።

«ባገራቸው ቋንቋ ቁራ ማለት ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ደስ አይልም፣ ጋሼ?»

ጋሼ ሻዩን አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ስብከት ነው። ኖኅ ከመርከብ ቁራን ላከ፤ ቁራ ሥጋ አገኘና ቀረ። ሄዶ የሚቀር ሰው የቁራ መልክተኛ የሚባለው ለምን ሆነና? ደግሞስ ቁራ ኦሪት ርኩስ ያለችው ወፍ አይደለም? እንኳን ለጋብቻ ለመብልም አልተፈቀደ። ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ መልአኩ ያንን ቤተሰብ ቁራ ብሎ ሲጠራ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው። የፊታውራሪ ዘር ለቁራ ልጅ አይሰጥም። ሰናይት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ተነሥታ ክፍሏ ገባች።

ርኩስ ወፍ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ፉትስክሬይ ገበያ ስትሄዱ እነዚያ የቻይና ምግብ ቤቶች የተጠበሰ ዳክዬ ባንገቱ መስኮት ላይ ይሰቅላሉ አይደል? ጋሼ ዘሪሁን ከሩቅ ሲያዩት አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መንገድ ይሻገራሉ። አንድ ቀን እንዲህ ሲሻገሩ መኪና ለጥቂት ሳታቸው፤ እሳቸው ግን በመኪና መሞት ይሻላል አሉ። የእግሩ ጣት በቆዳ የተያያዘ ወፍ ክርስቲያን ሆድ አይገባም። ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለውን ጥያቄ መቼም እኛ ክርስቲያኖቹ ትተነዋል፤ ሱፐርማርኬት ገብቶ ማንን ይጠይቁታል? የወፉ ዓይነት ግን የጋሼ የመጨረሻ ምሽጋቸው ነበር።

ሰናይት በዚያ ሳምንት እህል በአፏ አልዞረም። ልብስ ስናጣጥፍ፣ ጋሼ እንቢ ካሉ ከፓቬል ጋር ሄጄ እፈርማለሁ አለችኝ። «አንቺ ብቻ ነጠላሽን ለብሰሽ በር ላይ ቁሚልኝ።» ምን ልበላት? ባሌ ካጎቱ ቃል አይወጣ፣ እኔ ከባሌ። ያለ ዘመድ የምትፈርም ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዷን አይቻለሁ። ምስክሯ ያመጣት ታክሲ ነጂ ነበር። ፎቶው ላይ ሰውየው ወደ መኪናው ነው የሚያየው፤ ሞተር አላጠፋም ነበር።

ባሌ ሲጨንቀው፣ ልጁ በሥርዓቱ ሽማግሌ ይላክ አለ። ከየት ያምጣ? ዘመድ ቢባል ያሉት አባቱ ብቻ ናቸው፤ እናቱ ሞተዋል። የኛም ሽማግሌ ቢሆን ሜልበርን ውስጥ አይበዛም። የሁሉንም ሰርግ የሚያዳርሱት እነዚያው ናቸው። ለወንዱም ለሴቷም ወገን እነሱው ይሆኑና ዛሬ ይለምናሉ፣ ነገ ተለማኝ ሆነው ይኮራሉ። ጋሼ ዘሪሁን ይህን ሲሰሙ ነገሩን ገለበጡት። ልጁ መላክ ካልቻለ እኔ እልካለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ እነ ፓቬል ያሉበት ያራቪል ሄደው ቤቱን ይዩ፤ ሰባት ቤት ያስቆጥሩ፤ ይህ ስም ከየት እንደመጣ ይመርምሩ። ከዚያ እሳቸው እንቢታቸውን በማስረጃ ይናገራሉ። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ አላልኳችሁም?

የተላኩት ጋሼ ግርማና ጋሼ ሰይድ ናቸው። ጋሼ ግርማ የጋሼ ዘሪሁን የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራ ናቸው፤ ሆደ ሰፊ፣ ምግብ ሲቀርብ ድምፃቸው የሚለሰልስ ሰው። ጋሼ ሰይድ ያ ገበሬ አባት ያላቸው ናቸው። የወሎ ሙስሊም ናቸው፣ አስኮት ቬል ነው የሚኖሩት። ክርስቲያኑም እስላሙም ለሽምግልና የሚፈልጋቸው ስለማይዋሹ ነው። ሲቸግራቸው ዝም ይላሉ እንጂ አይዋሹም። ይህንንም ያዙልኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄዱ። ጋሼ ዘሪሁን ከቅዳሴ በቀጥታ እኛ ቤት መጥተው ይጠብቁ ጀመር። ጾም አልነበረም፤ ምሳ ላቅርብ ብላቸው ወሬውን ሳልሰማ እህል አይወርድልኝም አሉ። ባሌ ሺፍት ገባ። ሰናይት ኦቨርታይም ይዛ ፋብሪካ ነበረች፤ ቤት ተቀምጣ ከመጠበቅ ይሻለኛል ብላ። ምሳ ሰዓት አለፈ። እነ ፓቬል ቤት ብንደውል ስልክ የሚያነሣ የለም። ጋሼ ከሶፋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሶፋው። ልጄ ካርቱኗን ቢከልሉባት፣ ይሄ ሰውዬ ቤታቸው የሚሄዱት መቼ ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እግዜር ይስጣት፣ በእንግሊዝኛ ነው።

«ያራቪል ባሕር ማዶ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ። ትንሽ ቆዩና፣ «የቁራ መልክተኛ» ብለው ኮታቸውን ለበሱ። ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። ቤቱን ከሰናይት ጋር ሄጄ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ፣ «ሙሽራዬ፣ ነይ ምሪኝ» አሉኝ። ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ለባሌ ዘመዶች ግን እስካሁን ሙሽራ ነኝ። ልጄን ጋሪዋ ላይ አስሬ ተነሣሁ።

ኖኅ እንኳን ቁራው ሲቀርበት እርግብ ነው የላከው። የኛው ኖኅ ራሱ ከመርከቡ ወረደ።

ባቡር ላይ ጋሼ የእንቢታ ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር። ኖርዝ ሜልበርን ባቡር ስንቀይር ገና ኦሪት ላይ ነበሩ። ያራቪል ስንደርስ ፊታውራሪው ላይ ደርሰዋል። ሆዳቸው ሲጮህ ይሰማኛል፤ ጋሪው የሚንቋቋ እንዲመስል ገፋ ገፋ አደረግሁት።

ቤቱ የእንጨት ቤት ነው፤ ደጁ ላይ አንድ የፕለም ዛፍ አበባውን እያረገፈ ቆሟል። በሩን የከፈቱልን ሚስተር ቭራና ራሳቸው ናቸው፣ ሽርጥ አገልድመው። ከኋላቸው የወጣው ሽታ ግን እንዴት ልንገራችሁ፤ የተጠበሰ ስብ፣ ከሙን የመሰለ ቅመም። ገባን። ጋሼ ግርማ ኮታቸውን አውልቀው፣ ግንባራቸው ወዝቶ፣ ጣታቸውን ይልሳሉ። ጋሼ ሰይድ ፊት ሻይና የፕለም ኬክ አለ። ሁለቱም መልክተኛ አይመስሉም። ስንደውል ያልተነሣው ስልክም ተቀምጦበት ከነበረው ወንበር ወርዶ መሬት ላይ ኮት ተጥሎበታል፤ ወንበሩ ለጋሼ ግርማ ተፈልጎ።

ጋሼ ዘሪሁን አልቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀመጥም፤ ሥርዓት ነው። ሚስተር ቭራናም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ወንበሩን ከኋላ አምጥተው የእንግዳውን ጉልበት ማጠፍ ነው። ጋሼ ሳያስቡት ተቀመጡ። ሳህን መጣ።

እስቲ ፍረዱ። ከንጋት ጀምሮ ባዶ ሆድ። ፊታችሁ ቆዳው የተንጣጣ፣ ስቡ ጠብ ጠብ የሚል ጥብስ፤ ጎኑ ላይ ኮምጠጥ ያለ ጥቅል ጎመን፣ ለስላሳ የተቀቀለ ዳቦ መረቁን እየጠጣ። ጋሼ ግርማ «ዶሮ ናት፣ ብላ» አሉ። ዶሮ ናት ብሎ ማን ነገራቸው? ማንም። ጠይቀዋል? አልጠየቁም። ክንፍ አላት፣ ጭን አላት፤ ታዲያ ሌላ ምን ልትሆን? ጋሼ ዘሪሁን አማተቡ። አንድ ቆረሱ። ከዚያ ቢላና ሹካውን ትተው በጃቸው ገቡበት።

ምርመራው የተካሄደው በዚህ መሐል ነው። ጋሼ ግርማና ጋሼ ሰይድ ከረፋድ ጀምሮ እዚያ ቤት ተቀምጠው አንድ ጥያቄ አልጠየቁም ነበር። ፓቬል ቆሞ ያስተረጉማል፣ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ስሙ ከየት መጣ? ሚስተር ቭራና ደስ አላቸው፤ የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው የኖሩ ይመስል። ድሮ ባገራቸውም እንደኛው ነበር አሉ። ሰው በስሙ ነው የሚጠራው፤ ዮሴፍ ሲበዛ የወፍጮው ዮሴፍ፣ የኮረብታው ዮሴፍ ይባላል። በኋላ መንግሥት ግብርና ወታደር በደንብ መቁጠር ሲፈልግ፣ ሰው ሁሉ ለልጁ የሚያወርሰው አንድ ስም ይኑረው ተብሎ ታዘዘ። ጸሐፊ መንደር ለመንደር ዞረ። ይህ ማን ይባላል ሲል የሚመልስለት ጎረቤት ነው። ሰው ራሱን ቢጠየቅማ ማን ቁራ ነኝ ይላል? እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንዱ ቤት ድንቢጥ፣ አንዱ እርግብ፣ አንዱ አውራ ዶሮ ተብሎ ተጻፈ፤ መንደሩ ወፍ በወፍ ሆነ።

ለምን ቁራ ተባሉ? እናታቸው፣ የመጀመሪያው ቅድመ አያት ጠጉሩ ጥቁር ስለነበረ ነው ይሉ ነበር። አባታቸው ግን፣ ጎረቤት የዘራውን አተር አፈር ሳይለብስ እየለቀመ ስለሚሰርቅ ነው ይሉ ነበር።

«እኔ አባቴን ነው የማምነው» አሉ ሚስተር ቭራና። «እናቴ ጨዋ ሴት ነበረች።»

ጋሼ ዘሪሁን ማኘክ አቆሙ። አማች ሊሆን የተቀመጠ ሰው ዘሬ ሌባ ነበር ይላል? እኛ ብንሆን ያንን ሌባ እስካሁን ቀኛዝማች ብለን ሹመነው፣ አተሩም የገዛ ርስቱ ነበር ባልን። ጋሼ ወደ ሰባት ቤት ቆጠራ አለፉ። ሚስተር ቭራና ምንም አልከበዳቸው። እኔ ፍራንቲሼክ አሉ፤ የዮሴፍ ልጅ፤ እሱ የፍራንቲሼክ ልጅ፤ እሱ የዮሴፍ ልጅ፤ እሱ የፍራንቲሼክ። ሰባቱን ቤት አልፈው ሲገሠግሡ ጋሼ ግርማ በቃዎት አሉ። በሁለት ስም እየተመላለሱማ ከሆነ እኔም እስከ አዳም እቆጥር ነበር። ሁሉም ግን ቁራ ናቸው፤ ያ አተር ለቃሚ እስከዛሬ ስሙ ይጠራል። የኛ ደጋግ ሰዎች የት ገቡ?

ሚስተር ቭራና ጨዋታ መስሏቸው፣ የርስዎስ አሉ። ጋሼ ዘሪሁን ጎሮሯቸውን ጠረጉ። ዘሪሁን፣ ወልደሰንበት፣ ፊታውራሪ ደስታ። ፊታውራሪ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። ከዚያ አንድ ሁለት ስም ጨመሩና ሳል ያዛቸው። ውኃ ተሰጣቸው። ሲቀጥሉ ፊታውራሪ ደስታ ተመልሰው መጡ፤ የራሳቸው ቅድመ አያት ሆነው። ጋሼ ሰይድ ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። ስኳር እንኳን አልጨመሩበትም።

ልጄ ወተት ስላለችኝ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እንግዲህ ያየሁት እዚያ ነው። መስኮቱ ወደ ጓሮ ያሳያል፤ ጓሮው ውስጥ የቆርቆሮ ገንዳ፣ ገንዳው ውስጥ ነጫጭ ወፎች። ጠረጴዛው ላይ ለሾርባ የተቀመጠ እግር አለ። ጣቱ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል።

ዳክዬ።

ጋሼ ሰይድ ብርጭቆ የሚመልሱ መስለው ተከትለውኝ ገቡ። «አየሽ?» አሉኝ። አየሁ አልኩ። ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ጓሮ ያለው ቧንቧ ጋ ሲወጡ ነበር ያዩአቸው። ታዲያ ለጋሼ ግርማ ለምን አልነገሯቸውም አልኳቸው።

«ጭኗን ይዞ ነበር። ከሰው አፍ ምን አስወጣለሁ?» አሉ። «ለኔ ዳክዬዋ ነውር የላትም፤ ያረዳት እጅ ነው ያስቀረኝ። ለነሱ እጁ ነውር የለውም፤ ዳክዬዋ ናት። እዚህ ቤት ሁላችንንም የሚያስማማን ኬኩ ብቻ ነው።»

አሁንስ ምን ይሻላል አልኩ።

«ዝምታ ነዋ። እሱንስ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ሳሎን ገብቼ አንዲት ቃል ብተነፍስ ጋሼ ዘሪሁን ከወንበራቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ቤቱም ሰውየውም እስከ ዘላለሙ ርኩስ ይሆናሉ፤ ሰናይት ከታክሲ ነጂ ምስክር ጋር ትፈርማለች። ወተቱን አሞቅሁና ተመለስኩ።

ጋሼ ሳህናቸው እንደገና ተሞልቶ ነበር። ካገር ከወጣሁ እንዲህ ያለች ዶሮ አልቀመስኩም ይላሉ። ጋሼ ሰይድ ተቀመጡና፣ እንግዲህ ዘሪሁን፣ የቁራው ነገር እንዴት ይሁን አሉ። ጋሼ አፋቸውን በእርጋታ ጠረጉ።

«ነቢዩ ኤልያስን በረሃብ ዘመን ማን መገበው?» አሉ።

አጥንቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖሩ።

«እንጀራና ሥጋ ያመላለሰለት ቁራ አይደለም እንዴ? መጽሐፍን ግማሹን ብቻ ማንበብ ጥሩ አይደለም።» ይህን የሚመክሩት እኛን ነው፤ ግማሹን ያነበብነው እኛ መሆናችን ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል አሉ ደግሞ፤ መልአኩ ይህ ቤተሰብ መጋቢ መሆኑን አስቀድሞ አውቋል። የሌባውም ነገር ቢሆን፣ እውነቱን መናገር የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ሰው ሲርበው ኖኅ ትዝ ይለዋል፣ ሲጠግብ ኤልያስ። «ልጃችንን ሰጥተናል» አሉና ቅባት በቅባት የሆነ እጃቸውን ለሚስተር ቭራና ዘረጉ።

ፓቬል ለሰናይት ሊደውል ከመሬቱ ስልኩን አነሣ። እኔም እፎይ ልል ነበር። ጋሼ ግን የጠገበ ሰው ናቸው፤ ሽንት ቤት የት ነው አሉ።

ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው።

ሚስተር ቭራና ጓሯቸውን ማሳየት ይወዳሉ፤ ክንዳቸውን ይዘው መሩአቸው። ሁላችንም ተከተልን። ፓቬል ስልኩን በጆሮው ይዞ፣ ገመዱ እስከሚደርስለት በሩ ላይ ቆመ፤ የፋብሪካው ሰው ሰናይትን ሊጠራለት ሄዷል።

ጋሼ ዘሪሁን ደረጃው ላይ ቆሙ። ገንዳውን አዩ። ውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን አዩ። አንዷ ወጥታ እያረገደች በፊታቸው አለፈች፤ እግሯን አዩ። አጥሩ ሥር ባልዲ አለ፤ ባልዲው ሙሉ ነጭ ላባ ነው። ሚስተር ቭራና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ ራሴ ነኝ ያሳደግኋቸው እያሉ በኩራት ያሳያሉ። ጋሼ ግርማ ከኋላዬ ናቸው። እጃቸው መጀመሪያ ወደ አፋቸው ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሆዳቸው። ጋሼ ሰይድ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

እኔ የማየው የጋሼ ዘሪሁንን ጀርባ ነበር። ኮቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በሩ ላይ ፓቬል፣ ሄሎ፣ ሰናይት፣ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ያባቱንና የጋሼን ሁኔታ አየና ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ስልኩ ውስጥ የሰናይት ድምፅ ምን አሉ፣ ምን አሉ ይላል።

ጋሼ ጎሮሯቸውን ጠረጉ።

«የፈረንጅ ዶሮ» አሉ፣ «መዋኘት ትወዳለች ለካ።»

ይህን ብለው ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ቃላቸውን አልለወጡም። ባቡር ላይ ግን እስከ ኬንሲንግተን ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ልጄ ብቻ ወደ ባቡሩ የሚገቡትን ሰዎች ሁሉ «ዳክ፣ ዳክ» እያለች ስታስቸግር፣ ጋሼ ምን እያለች ነው ብለው አልጠየቁም።

ሰርጉ ባማረ አዳራሽ ሆነ። ዘመድ ቆመላት፤ እኔም ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ሳይሆን ከፊት ነበርኩ። ሚስተር ቭራና ባገራቸው ቢሆን ሙሽራይቱ ቭራኖቫ ትባል ነበር፣ የሴት ስም ጭራ ይጨመርበታል ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። ጋሼ ዘሪሁን ያባቷን ስም አትጥልም አሉ። የሚወለደው ልጅ ግን ቭራና ነው፤ የፊታውራሪው ዘር ቁራ ሊሆን ነው ማለት ነው። ጋሼ ለዚህም መልስ አላቸው። ሰው ሲጠይቃቸው፣ ፓቬል የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ስማቸውም በመንግሥት አዋጅ የተሰጠ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው? አይደለም። ያ አተር ሌባ ከነሌብነቱ ስንት ዘመን ኖሮ፣ ቀኛዝማች የሆነው እኛ እጅ ሲገባ ነው።

ፉትስክሬይ ላይ ጋሼ ዛሬም መሐረባቸውን አውጥተው መንገድ ይሻገራሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ያራቪል አማቾቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። የፈረንጅ ዶሮ ለጉልበት ጥሩ ናት ይላሉ። ጋሼ ግርማ አብረዋቸው ሄደው ጎመኑን ብቻ ይበላሉ። ጋሼ ሰይድ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ኬኩ ጥሩ ነበር ይላሉ፤ እሳቸው አይዋሹም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሁን። እኔ ግን እስካሁን ያየሁት ጎረቤት ሲያወጣ፣ የክሊኒክ ልጅ ስታወጣ፣ የጠገበ ሽማግሌ ሲያወጣ ነው። መልአኩ ወደ ሜልበርንም ተልኮ ከነበረ፣ እሱም የቁራ መልክተኛ ሆኖ ቀርቷል። ያራቪል ፈልጉት።